ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ያለው

ማክሰኞ 2

ልብስ ልወስድ ቤት ገባሁ። ከሰባት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። እማዬን ሆዷን ማመም ሲጀምራት ወንድሜ «የእኔ ቤት ለሐኪም ቤቱ ይቀርባል» ብሎ ሁለታችንንም ጠቅልሎ ወሰደን። ከዚያ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ያዘች፤ እኔ የወንድሜ ሶፋ ላይ ቀረሁ። የእኛ ቤት እንደተዘጋ ከረመ።

መጋረጃው እንደተጋረደ ነው። ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። ዝምተኛው መስኮቱ ሥር በርጩማው ላይ አለ፤ አለ ከተባለ። እነዚያ የሕፃን አውራ ጣት የሚያካክሉ ወፋፍራም ቅጠሎቹ ተጨማደዋል፣ ጠርዛቸው ቀልቷል፣ የማሰሮው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስነካው አንድ ቅጠል እጄ ላይ ቀረ። ላጠጣው ቧንቧውን ብከፍት ጠብ የሚል ነገር የለም። ለካ ወንድሜ እንዳይፈነዳ ብሎ ከውጭ ዘግቶታል።

እማዬ በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። «አጠጣሽው?»

«አጠጣሁት እንጂ።»

በሰባት ሳምንት አንድ ብርጭቆ ውሃ አልሰጠሁትም። ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። ነገ ውሃ በጠርሙስ ይዤ እመለሳለሁ።

ሐሙስ 4

አልተመለስኩም።

ሐኪሟ እኔንና ወንድሜን ኮሪደር ላይ አቆመችን። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ግን ዓይን ዓይናችንን እያየች ነው የምታወራው። የሐሞት ጠጠር አይደለም። ዕጢ ነው። በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል፤ የእማዬ ልብ ግን ደካማ ነው፣ ከሰመመኑ ላትነቃ ትችላለች። ካልተሠራላት ደግሞ የቀራት ጊዜ በወር የሚቆጠር ነው። «ምርጫው የእሳቸው ነው። ንገሯቸው» አለችን።

ወንድሜ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው። አርባ ሕፃን ሲጮህበት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ዛሬ ኮሪደሩን አናወጠው። «ብትሰማ በድንጋጤ ነው የምትሞተው! እኔ እፈርማለሁ። ልጇ አይደለሁም?»

«ልጃቸውማ ነዎት» አለች ሐኪሟ።

ተያይዘን ገባን፤ ሁለታችንም ጥርሳችንን አሳየናት። «ጠጠር ነው እማዬ፣ ሌላ ምንም የለም።»

እሷም ሳቀች። «ዕድሜ ልኬን ከምስር ውስጥ ጠጠር ስለቅም፣ ለካ አንዱ አምልጦኝ ኖሯል።»

ስንወጣ ወንድሜ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝ። «መነጽሯ የት ነው?»

«ምነው?»

«ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት ወረቀት ሰጥታታለች። ልታነበው ነዋ።»

መነጽሯ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አንዱ ክንድ ላልቶባት ነበርና ላጠብቀው ትናንት ወሰድኩት። አንድ ብሎን ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት።

ዓርብ 5

ሥራ ላይ ተዋረድኩ። ለአንድ ሽማግሌ የቀኙን ሌንስ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥሜ ሰጠሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሌንስ ስቆርጥ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሽማግሌው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተመለሱ። «ልጄ፣ ደረጃው ብድግ ብሎ ተቀበለኝ» አሉኝ።

አለቃችን፣ ሚሊሜትር የምንለው፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ ጭራሽ።

«ደህና ናት። ጠጠር ነው።»

ለእሱ ምን ብዬ ዋሸሁ? እሱ ምን አገባው?

እሑድ 7

እማዬ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀጉሯን ራሷ አበጥራለች። ከአጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ዳሌዋ የተሰበረ ጡረተኛ አስተማሪ ተኝታለች፤ በሳምንት ውስጥ የልጅነት ጓደኛ መስለዋል።

«አጠጣሽው?»

«ጠዋት ነው ያጠጣሁት።»

«መነጽሬስ?»

«ብሎኑ ጠፋ እማዬ። ልኩን እያፈላለግሁ ነው።»

ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «ይኸውልሽ! መነጽር ስትሠራ የምትውል ልጅ ወልጄ፣ አንድ ብሎን አጣችልኝ።» አስተማሪዋ አልሳቀችም። ጋዜጣዋን ከፍ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች።

ወረቀቱን አየሁት። አጣጥፋ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ያለ መነጽር አንድ ፊደል ከሌላው አትለይም። ልኳን አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ የቆረጥኩላት። ተመስገን አልኩ በሆዴ። በምን ተመስገን እንዳልኩ ሳስበው ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ስወጣ በሩ ሳይዘጋ የአስተማሪዋን ድምፅ ሰማሁ። «ታዲያ ለምን አትጠይቂያትም?»

እማዬ መለሰች፦ «ተያት። ራሷ ትምጣ።»

ስለ ምን እንደሚያወሩ አላወቅሁም። ስለ ሲስተሯ ይሆናል፤ ደውል ሲደወልላት ቶሎ አትመጣም።

ረቡዕ 10

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው፤ ነገ ራሴው እንዳልጠራጠረው።

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዤ ቤት ሄድኩ። መጋረጃውን ስገልጥ የዝምተኛው ጫፍ ጫፉ ላይ ነጫጭ ነገር ሰፍሯል። ደቃቅ፣ የተጠቀጠቀ፣ ቅጫም የሚመስል። ባለፈው በጨለማ ስደናበር ሳላየው ቀርቻለሁ። ተባይ በላው አልኩ። ደርቆ መሞቱ ሳያንሰው በእኔ ምክንያት ተባይም ወረደበት። ቆንጥጬ ልጥለው ሁለት ጣቴን አቀረብኩ። ግን የሃያ አንድ ዓመት ልማድ ነው፤ ሳላይ አልነካም። ከቦርሳዬ የሥራ ማጉያዬን አውጥቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁ።

ተባይ አይደለም። እያንዳንዷ ፍሬ የተጨበጠች ትንሽ ቡጢ ናት። ጫፏ ሐምራዊ ይነካካዋል። በጎኗ መስመር አላት፤ ቆጠርኩ፣ አምስት። ቀጥላ ያለችውም አምስት። ከእሷም ኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እምቡጥ ነው። ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ሰላሳ ቆጥሬ ተውኩት።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ተክል ያመጣው አባባ ነው፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ጣት የምታህል ቅንጣቢ በመሐረብ ጠቅልሎ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። «ያብባል!» አለ እየገባ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። እማዬ አንድ ዓመት ጠበቀች፣ ሁለት ዓመት ጠበቀች። በሦስተኛው ዝምተኛው ብላ ስም አወጣችለት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቋንቋ «ዝምተኛው ሲያብብ» ማለት «በፍጹም» ማለት ሆነ። ብስክሌት ስንጠይቅ፦ ዝምተኛው ሲያብብ። ወንድሜ መቼ ነው የሚያገባው? ዝምተኛው ሲያብብ። (አገባም፣ ፈታም፤ ዝምተኛው ንቅንቅ አላለም።) አባባ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። እማዬ እሱን ባነሣች ቁጥር የምትለው ነገር አላት፦ «ሰውዬው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የዋሸኝ፤ እሱም በዚህ ማሰሮ ነው።»

ውሃውን አላጠጣሁትም። ጠርሙሱን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንዴት እንደሆነ ያላወቅሁትን ነገር በምን ድፍረት እነካዋለሁ? መጋረጃውን እንደነበረ መልሼ፣ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ወጣሁ። ተክል የምቀሰቅስ ይመስል።

ቅዳሜ 13

የሐኪም ቤቱን ግቢ አትክልት የሚኮተኩቱ ሽማግሌ አሉ። ዛሬ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ነገሩን አጫወትኳቸው።

«ስንት ጊዜ ነው የምታጠጡት?» አሉኝ።

«እኔ ሰኞ ሰኞ።» ከዚያ አሰብኩ። «እማዬ ደግሞ እኔ የረሳሁ ሲመስላት በጓዳ በኩል መጥታ ታጠጣዋለች። ወንድሜም ሊጠይቀን ሲመጣ ከብርጭቆው የተረፈውን እዚያው ነው የሚደፋው። ሁላችንም ሌሎቹ ይረሱታል ብለን ነው።»

«መብራትስ?»

«አባባ ከሞተ ጀምሮ እማዬ የሳሎኑን መብራት አታጠፋም። ሲነጋ ነው የሚጠፋው።»

ሽማግሌው መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ። «ቀን ውሃ፣ ሌሊት መብራት፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት! ምን ጎድሎት ያብባል ታዲያ? ይሄ ተክል ረጅም ጨለማና ብርድ ሲያይ፣ ውሃም ሲነፈግ ነው የሚያብበው። በፍቅር ነው አፍናችሁ የያዛችሁት፣ ልጄ።» ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሳስበው ነው ሳቁ የለቀቀኝ። «አጠጣሁት» እያልኩ ስዋሻት የከረምኩትን ነገር በእውነት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ እምቡጥ አይኖርም ነበር። ይህን ለማን ነው የሚነግሩት?

ማክሰኞ 16

ለእማዬ ነገርኳት። አልቻልኩም፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ ዝምተኛው ሊያብብ ነው።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። እጇን ከእጄ ላይ አነሣች። ፊቴን አየችው፣ ቀስ ብላ፣ ከግንባሬ እስከ አገጬ።

«ይህን ያህል ደርሻለሁ?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? እውነቴን ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ከዋሸሁ!»

«ተይ፣ ተይ። በዓይንሽ ነው የምትበይው።» ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። «ደክሞኛል ልጄ። ሂጂ፣ አምሽተሻል።»

ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። አሳንሰሩን ትቼ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረድኩ። በሕይወቴ ከነገርኳት ሁሉ ትልቁን እውነት ነገርኳት፤ እሷ ግን የመጨረሻዬ የማጽናኛ ውሸት አድርጋ ወሰደችው። ማን እንዳስተማራት ይገርመኛል።

ዓርብ 19

ሥራ በዛ። የሁለት ሱቅ ትዕዛዝ። ሁለቴ ነው የምለካው፣ ሦስቴ ነው የማየው።

ሐኪሟ ደወለች። የፊርማው ቀን ሐሙስ 25 ነው። «እስከዚያ እናንተ ካልነገራችኋቸው እኔ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። ያለ እሳቸው ፈቃድ ቢላዋ አላነሣም።» ለወንድሜ ነገርኩት። «ሐኪም እንቀይራለን» አለ።

የመነጽሯን ብሎን ዛሬ በምሳ ሰዓት አጠበቅሁት። ሁለት ደቂቃም አልሞላ። መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ 22

አበበ! አበበ! አበበ!

ማልጄ ነው የሄድኩት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው። ስስ ነው፤ ሲፈልጉት ይጠፋል፣ ሲተዉት ይመጣል። መጋረጃውን ገለጥኩ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ያ ሞተ ያልኩት፣ ያ የተጨማደደው ተክል ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። እያንዳንዷ አበባ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም፤ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። በማጉያው አየኋት። አምስት ሹል ቅጠል ያላት ኮከብ ናት። ከመሐሏ አምስት ቀጫጭን ክሮች ቆመዋል፣ በያንዳንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ ተቀምጧል፤ ከሥራቸው ደግሞ የሆነ የሚያብረቀርቅ እርጥበት አለ። እርጥበት! ከየት አመጣው? ሁለት ወር ከእኔ ጠብታ ሳያገኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ሌንስ ስቆርጥ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ከሳትኩ ሥራዬ ይጣላል። ይኸው እዚህ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይለካ፣ በተዘጋ ቤት ጨለማ ውስጥ፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትዛነፍ ሁሉም አምስት አምስት። ቆሜ ነው ወይስ ተንበርክኬ ያየሁት? አላስታውስም። ጉልበቴ ግን አሁንም ይጠዘጥዘኛል።

ለወንድሜ ደወልኩ። «ና» ብቻ ነው ያልኩት። እማዬ የሞተች መስሎት አውቶቡሱን በር ላይ አግድም አቁሞ፣ ፊቱ አመድ ሆኖ ገባ። አየ። ኮፍያውን አወለቀ። የአውቶቡሱ ሞተር ውጭ ይንተከተካል።

«አባባ አልዋሸም» አለ በመጨረሻ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ። ለሚሊሜትር እውነቱን ነገርኩት፤ ስለ አበባውም፣ ስለ እማዬም። «ሐሙስን ዕረፍት ውሰጂ» አለኝ። «መነጽራቸውንስ አደረስሽላቸው? ክንዱ ላልቷል ብለሽኝ ነበር።» ቦርሳዬን በእግሬ ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረግሁት።

ማክሰኞ 23

በስልክ ፎቶ አንስቼ ወሰድኩላት። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ አዘመመችው።

«ነጭ ነገር ይታየኛል። የማን ጥርስ ነው?»

«አበባ ነው እማዬ! ዝምተኛው ነው!»

«ስልክ ውስጥ ምን የማይሠራ አለ? ባለፈው ወንድምሽ ድመት ስትዘፍን አሳይቶኛል።»

አስተማሪዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «አበባ ነው፣ እውነቷን ነው።»

እማዬ ስልኩን መለሰችልኝ። «አንቺም ከእነሱ ወገን ሆንሽ?» አለቻት። ቀልድ አልነበረም።

ማሰሮውን ይዤ ልምጣ ብዬ ሲስተሯን ጠየቅሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ አፈር ወደ ታማሚ ክፍል አይገባም። ግቢው ውስጥስ? «ግቢው የእኔ አይደለም» አለችና ጠቀሰችኝ።

ረቡዕ 24

ወንድሜ ደወለ። «ማሰሮውን ነገ እጭነዋለሁ። ከዚያ ግን ጠጠር ነው እንላለን፤ እሺ?» እሺ አልኩት። እኔ ምን የማልለው አለ።

ሐሙስ 25

ደክሞኛል፤ ግን አንዲት ነገር ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ወንድሜ ልጆቹን ትምህርት ቤት አራግፎ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ማሰሮውን ተጋግዘን የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን በሚያስርበት ቀበቶ አሰረው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በሁለት እጄ ደገፍኩት። እንዲያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ጉድጓድ «መጣ» እያለ ይነግረኛል። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ያስጮሃል። ሦስት አበባ ብቻ ረገፈ።

ግቢው በር ላይ ሽማግሌው አትክልተኛ በእጅ ጋሪያቸው ተቀበሉን። ባርኔጣቸውን አነሡ። ከደረጃው ሥር ፀሐይ ያለበት ቦታ አኖርነው። ሲስተሯ እማዬን በተሽከርካሪ ወንበር አወረደቻት። ቀና ብል አስተማሪዋ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ በክራንች ቆማለች።

እማዬ መጀመሪያ ያወቀችው ማሰሮውን ነው። አፉ ላይ አባባ ያሰረው ሽቦ አለ፤ እሱን ዳሰሰች። ከዚያ እጇ ወደ ላይ ሄደ። ቆመ።

«ምንድን ነው የለጠፋችሁበት? ጥጥ ነው?»

በአንድ ጣቷ ነካችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ዓይኗን አጥብባ ጎንበስ አለች፣ ራቅ አለች፣ እንደገና ጎንበስ። አልሆነላትም። እኔን ሳታይ፣ መዳፏን ዘርግታ እጇን ወደ እኔ ሰደደች።

«መነጽሬን።»

ብሎኑ ጠፋ ማለት ነበረብኝ። ወንድሜ አየኝ። ዓይኑ «እንዳትሰጫት» ይላል፤ ከሹራቧ ኪስ የወረቀቱ ጫፍ ታይቶታል። እኔ ግን ያቺ እጅ ባዶዋን ተዘርግታ ስትጠብቅ አየሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ተዘርግታ ከርማለች። ቦርሳዬን ከፈትኩ። በቀሚሴ ጫፍ ወልውዬ ሰጠኋት፤ ሚሊሜትር ቢያይ ያባርረኝ ነበር።

አደረገችው። ጎንበስ አለች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። የሰባ ዓመት ፊት ነው፣ የታመመ ፊት ነው፤ ግን አፏ እንደተከፈተ ቀረ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች ነው። «አምስት» አለች። ወደ ሌላዋ ዞረች። «አምስት።» ወደ ሌላዋ። «ይቺም አምስት!» አምስት እያለች ስንቷን እንደቆጠረች አላውቅም። ሲስተሯ ጊዜ የለኝም ብላ ነበር፤ እሷም ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች።

እማዬ ቀና ስትል እኛን አላየችም። «አንተ ሰው፣ ለካ እውነትህን ኖሯል» አለች። ሳቀች። እንባዋ በሌንሱ ሥር ወረደ፤ ሳቁ ግን አልተቋረጠም።

ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «ማን አጠጣው?»

«ማንም።»

«አጠጣሁት ስትዪኝ አልነበረም?»

«አላጠጣሁትም እማዬ። አንድም ቀን። ዋሽቼሽ ነው። ያበበውም ስላላጠጣነው ነው አሉኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወረቀቱን አወጣች፤ ታጥፎ ታጥፎ ማጠፊያው ተበልቷል። አሁን ልታነበው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ዘርግታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«አንብቢልኝ።»

«መነጽርሽን አድርገሻል እኮ...»

«አውቃለሁ። አስተማሪዋ ካነበበችልኝ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ከእናንተ አፍ ነው ልሰማው የፈለግሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሰለቸኝ፣ ልጄ። ሁላችሁም ስትስቁልኝ ብቻዬን ነው የከረምኩት።»

ብቻዬን። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። በድንጋጤ እንዳትሞት ብለን ያደረግንባት ይህ ነው።

አነበብኩ። «ዕጢ» የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ከዚያ ቀጠለ፤ ስለ ልቧ ያለውን፣ ስለ ሰመመኑ ያለውን፣ አንድም ሳይዘል። ጠጠር የምትለዋን ቃል አላነሣትም። እሷ እየሰማች ዓይኗን ከአበባው አልነቀለችም።

ሲጨርስ «ሐኪሟን ጥሩልኝ» አለች። «የምፈርመው እኔ ነኝ። ይሠራልኝ።» ወንድሜ አፉን ሲከፍት እጇን አነሣች። «አባታችሁ ሳያየው ሄደ። እኔ አንድ ጊዜ አየሁት፤ ለከርሞም ላየው እፈልጋለሁ። ካልሆነም ካልሆነ ነው፤ ቢያንስ አውቄው ነው የምገባው።»

እሑድ 28

መነጽሯን ካገኘች ወዲህ ማንም አላረፈም። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ታነባለች፣ የሲስተሯን የደረት ባጅ ታነባለች፣ የአፈሩን ማስታወቂያ ጮክ ብላ አንብባ ሁለት የፊደል ስህተት አወጣችለት።

ዝምተኛው ቤቱ ተመልሷል። ትእዛዝ ተሰጥቶኛል፦ መጋረጃው ይጋረድ፣ የሳሎኑ መብራት ማታ ማታ ይጥፋ፣ እጄም ይሰብሰብ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላጠፋችውን መብራት። ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያውን ስጫን ጣቴ ከበደኝ። ከዚያ በጨለማው ቆሜ ሽታው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ መጣ።

ወንድሜን ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ በእጁ ይዞ አገኘሁት። «ለራሴ ነው» አለኝ። ቆሜ እስኪጠጣው ጠበቅሁ።

ሐሙስ 2

የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኮሪደር። በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሁለት ሰዓት ላይ ወሰዷት። በሩ ጋ ሲደርሱ «ቀለበት፣ መነጽር፣ ምንም አይገባም» አሏት። ቀለበቷን ለወንድሜ ሰጠችው። መነጽሯን አወለቀች፣ ክንዶቹን አጠፈች፣ እኔን ፈለገች። ያለ መነጽር ስትፈልገኝ ፊቷ ትንሽ ይሳሳታል፤ ቀረብኩላት።

«ያዢልኝ። ስነቃ መጀመሪያ እሱን ስጪኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ብሎኑ ጠፋ እንዳትዪኝ ደግሞ።»

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነው፤ አሁን እለየዋለሁ። በሩ ተዘጋ።

አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ወንድሜ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ይለካዋል። ብሎኑን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ጠብቋል። ሌንሱን በሚገባው ጨርቅ ወልውያለሁ። ገና አልተጠራንም። መነጽሯ ግራ እጄ ውስጥ ነው፤ ከያዝኩት አላስቀመጥኩትም፣ ሞቋል።